ግዙፍ ከዋክብት ሲወለዱ ብርሃናቸው ለምን ይለዋወጣል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል በከዋክብት አወላለድ ላይ ያተኮሩትን መርጠን በአንድነት መልሰናቸዋል። «ግዙፍ» የምንላቸው ከፀሐይ ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብዱትን ከዋክብት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮከብ ተፀንሶ እስኪወለድ በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት እንደሚፈጅ ስማር ኖሬያለሁ። በቅርቡ ግን ገና በመመሥረት ላይ ያለ አንድ ግዙፍ ኮከብ በጥቂት ወራት ውስጥ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ጨምሮ እንደተገኘ አነበብሁ። ይህን ያህል አዝጋሚ ነው በሚባል ሂደት ውስጥ ይህን ያህል ፈጣን ለውጥ ከየት ይመጣል? ደግሞስ እንዲህ ያሉ ከዋክብት በብናኝ ደመና ተሸፍነው አይታዩም እየተባለ ለውጡ በምን ታወቀ?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ምሥረታው አዝጋሚ ነው፣ ለውጡም ፈጣን ነው። የሁለቱ መታረቂያ፣ ኮከቡን የሚያሳድገው ጋዝ የሚደርሰው በአንድ ወጥ ፍሰት አለመሆኑ ነው።

ቀዝቃዛ የጋዝና የብናኝ ደመና በራሱ የስበት ኃይል ወደ ውስጥ ሲደረመስ በመሐሉ የኮከብ ፅንስ ይፈጠራል። ደመናው ቀስ ብሎም ቢሆን የሚሽከረከር በመሆኑ አብዛኛው ጋዝ በቀጥታ ፅንሱ ላይ አይወድቅም፤ በዙሪያው ጠፍጣፋ ዲስክ ሠርቶ እየዞረ ወደ ውስጥ ይጠጋል። ከፀሐይ 20 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ በ100,000 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ይገነባል ብለን ብናሰላ፣ በአማካይ በየዓመቱ የሚጨመርለት የፀሐይ ክብደት ከ5,000 አንድ እጁ ነው። ይህ አማካይ ለስሌት ይመቻል እንጂ በዲስኩ ውስጥ የሚሆነውን አያሳይም። በግዙፍ ኮከብ ዙሪያ የሚፈጠረው ዲስክ ራሱ እጅግ ከባድ ስለሆነ የገዛ ስበቱ ያናጋዋል፤ ጠመዝማዛ ክንዶች ያወጣል፣ በአንዳንድ ቦታም ጋዙ ይቋጠራል። እንዲህ ያለው ቋጠሮ ከምሕዋሩ ወደ ውስጥ ሲንሸራተት በኮከቡ ስበት ይበጣጠስና በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮከቡ ላይ ይራገፋል። ሲወድቅ የነበረው የስበት ጉልበት ወደ ሙቀትና ወደ ብርሃን ስለሚለወጥ ኮከቡ ቡግ ይላል። ይህ የኮከብ ፍንዳታ አይደለም፤ ኮከቡ ምንም ሳይጎድልበት፣ እንዲያውም ጥቂት ክብደት አትርፎ፣ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ድምቀቱ ይመለሳል።

በቅርበት ከተጠኑት አንዱ ኤስ255አይአር ኤንአይአርኤስ 3 የሚል፣ ለአንደበት የማይመች መለያ የተሰጠው ኮከብ ነው። ከእኛ ወደ 6,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ክብደቱም ከፀሐይ 20 እጥፍ ገደማ ነው። በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ከዚህ ኮከብ አካባቢ የሚመጣ አንድ የሬዲዮ ምልክት በድንገት መጠንከሩን አስታወቁ። ሌሎች የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የኢንፍራሬድ (ሞገዱ ከቀይ ብርሃን የሚረዝም፣ ዓይን የማያየው ጨረር) ቴሌስኮፖቻቸውን ወዲያውኑ ወደዚያ አዙረው ያገኙትን ምስል ከዓመታት በፊት ከተነሣው ጋር ሲያስተያዩ፣ የሞገድ ርዝመቱ ሁለት ማይክሮሜትር ገደማ በሆነው ብርሃን ኮከቡ 10 እጥፍ ያህል ደምቆ ተገኘ። በሁሉም የሞገድ ርዝመት የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ሲደመር ደግሞ ከ30,000 ፀሐይ ገደማ ተነሥቶ 160,000 ፀሐይ ያህል ደርሶ ነበር። በዚህ ወቅት ወደ ኮከቡ ይፈስስ የነበረው ቁስ በዓመት የፀሐይ ክብደት ከ200 አንድ እጅ በሚያህል ፍጥነት እንደነበረ ተሰልቷል፤ ከላይ ካየነው አማካይ ጋር ሲነጻጸር 25 እጥፍ መሆኑ ነው። በቡግታው የወጣው ተጨማሪ ጉልበት ፀሐያችን በ100,000 ዓመት ገደማ የምታወጣውን ያክላል፤ የተራገፈው ቁስ ግን ጁፒተርን የሚያህሉ ጥቂት ፕላኔቶች ቢሰበሰቡ ከሚመዝኑት የሚበልጥ አልነበረም።

ቡግታው የጀመረበትን ጊዜ ለማወቅ የረዳው ነገር ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ደስ የሚለው ክፍል ነው። ኮከቡ ሲቦግ ብርሃኑ በዙሪያው ባለው ብናኝ ላይ እየተንጸባረቀ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ በመሆኑም በተከታታይ በተነሡት ምስሎች ላይ በኔቡላው (ኮከቡን በከበበው የጋዝና የብናኝ ደመና) ውስጥ የሚሰፋ የብርሃን ጠርዝ ይታይ ነበር። የብርሃን ፍጥነት የታወቀ ስለሆነ ጠርዙ የደረሰበትን ርቀት ወደ ኋላ በማስላት ቡግታው በ2015 አጋማሽ ላይ እንደጀመረ ለማወቅ ተቻለ። ማንም ያልታዘበው ጅምር ከራሱ ነጸብራቅ ተነበበ ማለት ነው። ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ከኮከቡ ዋልታዎች በሚወረወረው የጋዝ ጅረት የሬዲዮ ድምቀት ላይም ጭማሪ ታየ። ወደ ውስጥ ከገባው ቁስ ከፊሉ ወደ ውጭ ተመልሶ እንደሚረጭ ይህ መዘግየት ይመሰክራል።

ወደ ጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል እንለፍ። ብናኙ ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን በሙሉ ይውጠዋል፤ የዋጠው ብርሃን ግን አይጠፋም። ብናኙን ያሞቀዋል፣ የሞቀውም ብናኝ ጉልበቱን በኢንፍራሬድ ጨረር መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ ኮከቡን ራሱን ባናየውም ድምቀቱን ከከበበው ብናኝ ሙቀት እናነባለን። ሁለተኛው መንገድ ቅድም የጠቀስነው የሬዲዮ ምልክት ነው። በእነዚህ ከዋክብት ዙሪያ ያለው የሜታኖል (የአልኮል ዓይነት) ሞለኪውል ከሞቀ ብናኝ የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር ተቀብሎ በ6.7 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ እጅግ ጠንካራና ጠባብ ምልክት ያወጣል፤ ሜዘር ይባላል፣ አሠራሩም የሌዘር ወንድም ነው። ይህ መሥመር በ1991 ከታወቀ ወዲህ በተደረገው ፍለጋ የተገኘው በግዙፍ ወጣት ከዋክብት አካባቢ ብቻ ነው። ብናኙ በሞቀ ቁጥር ሜዘሩ ስለሚጠነክር የማስጠንቀቂያ ደወል ሆኖ ያገለግላል። የሬዲዮ ሞገድ ብናኝ አያግደውም፣ ቀን ከሌት ይታያል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክትትሉ ውድ የሆኑትን ትልልቅ የኢንፍራሬድ መሣሪያዎች አይጠይቅም። በደቡብ አፍሪካ ሃርተቤስትሁክ ያለው ባለ 26 ሜትር አንቴናና በጃፓን ያሉት ባለ 32 ሜትር አንቴናዎች በየጊዜው እየዞሩ የሚጎበኟቸው ምንጮች ብዙ ናቸው። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ዝናውን ይወስዳሉ፤ ደወሉን የሚደውሉት ግን ባለሙያዎቹ በትዕግሥት የሚያንቀሳቅሷቸው እነዚህ አንቴናዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የወጣት ኮከብ ብርሃን በጨመረና በቀነሰ ቁጥር ቁስ ወደቀበት ወይም ተቋረጠበት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን መለየት ደግሞ ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለ መብራት ሲደበዝዝ መብራቱ ይድከም መጋረጃው ይወፍር ከፊት ለፊት ለቆመ ሰው አይለይም። በቺሊ ፓራናል ተራራ ላይ ያለው ቪስታ የተባለ ባለ 4.1 ሜትር ቴሌስኮፕ ከ2010 ጀምሮ የጋላክሲያችንን እምብርትና ዲስክ በኢንፍራሬድ ደጋግሞ አንሥቷል። ከዚያ ክምችት ድምቀታቸው በብዙ የሚለዋወጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ከዋክብት የተገኙ ሲሆን፣ ግዙፎቹም ከነሱ መካከል አሉ። ከፊሎቹ ለዓመታት ደምቀው የቆዩ ናቸው፤ ከፊሎቹ በድንገት ደብዝዘው የተመለሱ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ሥርዓት በሌለው መንገድ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

መለያው ቀለም ነው። ብናኝ አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ከረጅሙ አብልጦ ስለሚውጥ፣ የብናኝ ቋጠሮ በፊቱ ያለፈበት ኮከብ ሲደበዝዝ አብሮ ይቀላል፣ ሲመለስም ቅላቱን ይተዋል። ጭማሪው ከወደቀ ቁስ የመጣ ከሆነ ግን የቀለም ለውጡ ይህን መሥመር አይከተልም። ከቀለምም የበለጠ አስተማማኙ ማስረጃ ረጅሙ ኢንፍራሬድ ነው፤ ከእኛ በኩል ያለ አንድ የብናኝ ቋጠሮ በኮከቡ ዙሪያ ያለውን ደመና በሙሉ ሊያቀዘቅዘው ስለማይችል፣ ጠቅላላው የብናኝ ሙቀት ከጨመረ የጨመረው ኮከቡ ራሱ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ የታየን ጭማሪ ይዞ «ኮከቡ ቁስ ዋጠ» ብሎ ማወጅ በእኔ አስተያየት ችኮላ ነው፤ እንዲህ ያለ ዜና ሲያነቡ መለኪያው ምን እንደነበረ ቢጠይቁ አይጎዱም።

ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ ያላቸውም አሉ። ጂ9.62+0.20ኢ በተባለ ግዙፍ የከዋክብት መወለጃ ያለው የሜታኖል ሜዘር በየ244 ቀኑ ይጠነክራል፤ ይህን ዑደት ያገኙትም የሃርተቤስትሁክ ተመራማሪዎች ናቸው። ዑደታቸው ከአንድ ወር ያልበለጠ ሌሎች ምንጮችም ተገኝተዋል። ሰዓቱን ጠብቆ የሚመላለስ ለውጥ በአጋጣሚ በሚወድቅ ቋጠሮ አይገለጽም። ስለዚህ አንዳንዶች ሁለት ከዋክብት በተራዘመ ምሕዋር ሲዞሩ የሚቀራረቡበትን ጊዜ ይጠቅሳሉ፤ ሌሎች ደግሞ በፍጥነት በማደግ ላይ ያለ ኮከብ ራሱ እየተነፋና እየተኮማተረ ይርገበገባል ይላሉ። አንድ ማብራሪያ ሁሉንም ምንጮች ይገልጻል ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የአንዳንዶቹ ሜዘሮች ድምቀት በድንገት ወጥቶ በዝግታ ሲወርድ የሌሎቹ ግን ወጥቶ የሚወርደው በእኩል ፍጥነት ነውና።

ጥያቄ፦ በአንድ ወጣት ኮከብ ዙሪያ «የሙቀት ማዕበል» ከብርሃን ፍጥነት በመቶኛ በሚለካ ፍጥነት ሲሰፋ ታየ የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ። ጋዝ ይህን ያህል ሊፈጥን ይችላል?

መልስ፦ የፈጠነው ጋዝ አይደለም። የጠቀሱት ኮከብ ጂ358.93-0.03 ሳይሆን አይቀርም፤ ሜዘሩ በጥር 2019 መጠንከሩን እንደገና የጃፓን አንቴና ቀድሞ አየ። ወዲያውኑ በተለያዩ አህጉራት ያሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች እንደ አንድ መሣሪያ ተቀናጅተው የሜዘሩን ነጠብጣቦች አቀማመጥ በከፍተኛ ጥራት ነደፉ፤ ከሳምንታት በኋላም ደገሙት። በመጀመሪያው ሥዕል ነጠብጣቦቹ ኮከቡን የከበበ ጠባብ ቀለበት ሠርተው ነበር፤ በሁለተኛው ቀለበቱ ሰፍቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከብርሃን ፍጥነት ከ4 እስከ 8 በመቶ የሚደርስ ፍጥነት ይሰጣል።

እዚህ ላይ መታየት ያለበት፣ በሁለተኛው ሥዕል ላይ የበሩት ነጠብጣቦች የመጀመሪያዎቹ ተጉዘው የደረሱበት አለመሆናቸው ነው። ከኮከቡ የወጣው ጨረር በዲስኩ ብናኝ ይዋጣል፣ ብናኙ ሞቆ መልሶ ያወጣዋል፣ ቀጣዩ ብናኝ እንደገና ይውጠዋል፤ እንዲህ እየተቀባበለ የሚሄድ ሙቀት ባዶ ቦታ ላይ ካለ ብርሃን በብዙ ይዘገያል፣ ከማንኛውም ጋዝ ግን በብዙ ይፈጥናል። ሙቀቱ ለሜታኖል ሜዘር ተስማሚ የሆነበት ቦታ ወደ ውጭ በተሸጋገረ ቁጥር የውስጡ ሜዘር ይከስማል፣ የውጭው ይበራል። በየቦታው ያለው ጋዝ ከቦታው ባይፈናቀልም ተራ በተራ ስለሚበራ ዲስኩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይታያል፤ በሌላ መንገድ ሊገኝ የማይችል ካርታ ነው።

ይህ ኮከብ ሌላም ነገር አስተማረ። በአጭሩ ኢንፍራሬድ ለተመለከተው ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የብናኙ ሽፋን ያን ያህል ወፍራም ነበር። ሶፊያ በተባለው፣ በአውሮፕላን ላይ በተጫነው ቴሌስኮፕ በረጅሙ ኢንፍራሬድ ሲታይ ግን ድምቀቱ በብዙ እጥፍ ጨምሮ ተገኘ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለውን ቡግታ በግል ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ የግዙፎቹን አይቻልም፤ በሽፋናቸው ምክንያት በዓይን በሚታየው ብርሃን የሉም ማለት ይቻላል። የቀላሎቹን ግን ይቻላል። ኤፍዩ ኦሪዮኒስ የተባለው በኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት የሚገኝ ወጣት ኮከብ በ1936 ገደማ ከ100 እጥፍ በላይ ደምቆ እስካሁን ጥቂት ብቻ የቀነሰ ሲሆን፣ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ይታያል። ኤንአይአርኤስ 3 ስድስት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ይህ ከ100 እጥፍ ማለፉ ትንሹ ኮከብ የበለጠ ኃይለኛ ነው ያሰኛል፤ ነገሩ ግን የመነሻው ጉዳይ ነው። ፀሐይን የመሰለ ኮከብ በእምብርቱ ሃይድሮጅን ማቃጠል እስኪጀምር በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ሲኮማተር ስለሚቆይ መነሻ ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ በላዩ የሚወድቀው ቁስ በቀላሉ ይበልጠዋል። ግዙፉ ኮከብ ግን ገና ከደመናው ሳይወጣ፣ ቁስም መቀበሉን ሳያቆም ሃይድሮጅን ማቃጠል ይጀምራል። በአሥር ሺህዎች ፀሐይ ልክ በሚበራ ኮከብ ላይ ጭማሪ እንዲታወቅ ጭማሪው ራሱ በአሥር ሺህዎች ፀሐይ የሚለካ መሆን አለበት። ትንንሽ ቡግታዎች በግዙፎቹ ላይ የማይታዩን ስለሌሉ ነው ብሎ መደምደም ስለዚህ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ቁስ በአንድ ጊዜ የተራገፈበት ኮከብ በራሱ ላይ ምን ይደርስበታል? ወደፊትስ ምን ይጠበቃል?

መልስ፦ ያብጣል። በስሌት እንደሚታየው ቁስ በዓመት የፀሐይ ክብደት ከ1,000 አንድ እጅ ያህል እየሆነ ሲገባበት፣ ኮከቡ የሚቀበለውን ሙቀት በጊዜው አውጥቶ ስለማይጨርስ ውጫዊ ክፍሉ ተነፍቶ ከፀሐይ 100 እጥፍ የሚሰፋ ወርድ ሊደርስ ይችላል። የተነፋ ኮከብ ገጹ ይቀዘቅዛል፤ ገጹ የቀዘቀዘ ኮከብም አልትራቫዮሌት ጨረሩ ይቀንሳል። በኤንጂሲ 6334 ኔቡላ ውስጥ የተገኘው ቡግታ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አልማ የተባለው በአታካማ በረሃ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ባለ 66 አንቴና የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ያነሣው ምስል በ2008 ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር የአካባቢው የብናኝ ልቀት አራት እጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል። የሃርተቤስትሁኩ አንቴናም ከ2015 መጀመሪያ አንሥቶ ብዙ ሜዘሮች በአንድነት መጠንከራቸውን መዝግቦ ነበር። በዚያው ጊዜ ግን በአልትራቫዮሌት ጨረር ከጋለው ጋዝ የሚመጣው የሬዲዮ ልቀት በጉልህ ቀነሰ። ብናኙ ሲደምቅ ይህ ጋዝ መደብዘዙ፣ ኮከቡ አብጦ ገጹ ቀዝቅዟል ከሚለው ግምት ጋር ይገጥማል።

ይህ በጋዙ ዕድል ላይ ለውጥ ያመጣል። ግዙፍ ኮከብ በጨረሩ ግፊት የራሱን ምግብ ገፍቶ ያባርራል የሚል ክርክር ለረጅም ጊዜ ሲነሣ ቆይቷል፤ በየጊዜው እያበጠ የሚቀዘቅዝ ከሆነ አልትራቫዮሌት ጨረሩም በየጊዜው እፎይታ ይሰጣል፣ ቀሪው ጋዝም ወደ ውስጥ መግባቱን ይቀጥላል። እስካሁን በደንብ የተጠኑት የግዙፎች ቡግታዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ አንድ ኮከብ ከክብደቱ ስንቱን በዚህ መንገድ እንደሚያገኝ ለመወሰን ጊዜው ገና ነው። የኮምፒውተር ስሌቶች ግን ቡግታው በአንድ ኮከብ ዕድገት ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደሚደጋገም ያሳያሉ።

ስለ ወደፊቱ ብዙ ተስፋ የሚጥሉት በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ ርእስ አንጻር የሚያሳስበኝ የጎደለው ነው። ሰማዩን በየስድስት ወሩ በኢንፍራሬድ ይቃኝ የነበረው ኒዮዋይዝ ሳተላይት በነሐሴ 2024 ሥራውን አቁሟል፤ የሶፊያ አውሮፕላንም በመስከረም 2022 የመጨረሻ የምርምር በረራዋን አድርጋለች። ጄምስ ዌብ የሚያየው እስከ 28 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን፣ በወፍራም ብናኝ የተሸፈነ ኮከብ ጉልበቱን በብዛት የሚያወጣው ከዚያ በሚረዝም ሞገድ ነው። ነገ እንደ ጂ358 ያለ ቡግታ ቢነሣ አንቴናዎቹ በቀናት ውስጥ ያስታውቃሉ፣ አልማም ዲስኩን ይነድፋል፤ በረጅሙ ኢንፍራሬድ ጠቅላላ ብርሃኑን የሚለካ እንደ ሶፊያ ያለ ቴሌስኮፕ ግን አሁን በሥራ ላይ የለም።